የንባብ እድር

የሐዋ ይመር የንባብ ቀን ወር በገባ በሁለተኛው ማክሰኞ ነው። በዚያ ቀን ወደ ጦሳ ተራራ በሚወጣው የገመድ ባቡር ጣቢያ ያለባትን የተቆጣጣሪነት ሥራ ለባልደረባዋ ትታ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዝክር ቤት ትደርሳለች። ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ በተሰጣት ወንበር ላይ ተቀምጣ አርባ ገጽ ታነባለች። ከዚያ ሽንኩርትና ጨው ገዝታ ቤቷ ትገባለች። ደሴ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ቀን አለው። አሠሪ መከልከል አይችልም፤ አንባቢውም ያለ ሐኪም ማስረጃ መቅረት አይችልም።

ዝክር ቤት ድሮ ሦስት ቤት ነበር ይላሉ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ለብቻው፣ ቤተ መዘክሩ ለብቻው፣ መዝገብ ቤቱም ለብቻው። አሁን አንድ ሰፊ የመስታወት አዳራሽ ነው። መደርደሪያ የለውም፣ አቧራም የለውም። ሰማንያ ወንበር አለ፤ በየወንበሩ ፊት ገጹ የሚበራበት ሰሌዳ፣ ከሰሌዳው በላይ ደግሞ የአንባቢውን ዓይን የምትከተል ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለች። ዓይን መስመሩን ይዞ እስከ ታች ከወረደ ገጹ «ተነቧል» ይባላል። በየሰባት ዓመቱ ቢያንስ ሁለት ባዕድ አንባቢ ያላገኘ ገጽ ሰኔ ሠላሳ ቀን ይለቀቃል። ይለቀቃል ማለት ይጠፋል ማለት ነው፤ ግን እንዲህ ብሎ የሚናገር የለም። በመግቢያው ላይ በትልቁ የተጻፈው «ያልታየ ይረፍ» የሚል ነው።

ይህ ሕግ በወጣ ሰሞን ሰዉ ብዙም አላጉረመረመም። ማስቀመጥ ኃይል ይበላል፤ ኃይሉ ደግሞ ለሆስፒታልም ለውሃ መግፊያም ያስፈልጋል፤ ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ከማጉረምረም ይልቅ የለመደውን አደረገ፤ እድር አቋቋመ። ለቀብር ድንኳን የሚተክለው፣ ሐዘንተኛ ቤት እሳት እንዳይነድ ብሎ ወጥ ሠርቶ የሚያመጣው ጎረቤት፣ አሁን ደግሞ የጎረቤቱን ሙት፣ ሟቹ የተወውንና ስለ ሟቹ የተጻፈውን መዝገብ፣ ያነብ ጀመር። ሕጉ የሥጋ ዘመድን ንባብ ስለማይቆጥር ለዚህ ከእድር የተሻለ አልተገኘም። አንቺ የእኔን አባት፣ እኔ ያንቺን እናት። የራስን ሙት ራስ ማንበብ ቀስ በቀስ እንደ ነውር ታየ፤ ሐዘንተኛ ለራሱ ለቀስተኛ ወጥ ሲሠራ እንደ ማየት ያለ ነገር ሆነ።

የሐዋ እድር የላይ ቧንቧ የንባብ እድር ይባላል። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ላይ መቶ አሥራ ሁለት አባል አለው። ዳኛው ጋሽ ሙሄ እንድሪስ ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ አንድም ቀን ተራ አሳስተው አያውቁም። አንባቢው ከመቀመጡ በፊት «ነፍስ ይማር» ወይም «አላህ ይዘንለት» ይላል፤ አንብቦ ሲጨርስ ለሟች ቤተሰብ «አንብበናል» የሚል ቃል ይልካል። ቤተሰቡም «ብድር መላሽ ያድርገን» ብሎ ይመልሳል። ነገሩ ሁሉ የተስተካከለ ነበር።

በሁለት ሺህ ዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ሃያ አራት ቀን፣ ሐዋ ጣቢያው ላይ ቆማ ተሳፋሪ ስታስተናግድ አንድ መልእክት ደረሳት። «የተከበሩ ወይዘሮ ሐዋ ይመር፣ ከአባትዎ ከአቶ ይመር አሊዬ መዝገብ ገጽ አርባ አንድ አንባቢ ስላላገኘ ሰኔ ሠላሳ ቀን ይለቀቃል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ስህተት መሰላት። አባቷ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እድሩ ስድሳ ሦስቱን ገጽ በየዓመቱ በሁለት ሰው ያስነብብለታል። ይመርን ደግሞ የማይወደው ሰው አልነበረም። የኮረብታው ቤተ መጻሕፍት ዘበኛ ነበር፤ ያ ቤት ከተቃጠለ በኋላ ትምህርት ቤት በር ላይ ሠላሳ ዓመት ቆሟል፤ የተማሪውን ስም ከነአባቱ ያውቅ ነበር። የእሱን መዝገብ ማንበብ ዕድል ነው የሚሉ አባላት አሉ። ሐዋ በማግስቱ ባልደረባዋን ለምና ዝክር ቤት ሄደች።

አስተናጋጇ ሶልያና የምትባል ቀጠን ያለች ሴት ናት፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ሰሌዳውን አገላብጣ አየች።

«ገጽ አርባ አሥራ አራት ጊዜ ተነቧል። አርባ ሁለትም አሥራ አራት ጊዜ። አርባ አንድ ግን አንድም ጊዜ አልተነበበም።»

«ሳይከፍቱት ነው ያለፉት?»

«ኧረ ከፍተውታል፤ አሥራ አራቱም። ሦስት አራት ሰከንድ ይቆዩና ወደ ታች ያያሉ።»

«ወደ ታች ወዴት?»

«ወደ ጉልበታቸው» አለች ሶልያና።

ነገሩ ለሐዋ ገባት። እሷም እንዲሁ ታደርጋለች። የሰው ሙት ስታነብ ስድብ፣ ክስ፣ የሴት እንባ፣ የወንድማማች ጠብ ካጋጠማት ዓይኗን ሰብራ ታልፋለች። ማንም አላስተማራትም። የሰው ገመና ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ሞቷል፤ መሬት የሸፈነውን ምን ብላ ታያለች? ይህን ስታደርግ ደግነት ይሰማት ነበር፤ ቤቷ ስትገባ ልቧ ቀለል ይላት ነበር። መቶ አሥራ ሁለቱም አባል እንዲሁ ሲያደርግ ኖሯል። የሌላውም ሰፈር እድር ከዚህ የተለየ አይመስልም። ባለፈው ዓመት ለጉብኝት የመጣች አንዲት ተማሪ «የድሮ ሰዎች አይጣሉም ነበር እንዴ?» ብላ አስተናጋጇን ጠይቃት ነበር አሉ። ሶልያና መዝገቡን ፈልጋ ፈልጋ «አይመስልም» ብላ መለሰችላት።

«ገጹን ልየው» አለች ሐዋ።

«የእርስዎ አይቆጠርም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ሶልያና ጥግ ላይ ያለውን ወንበር ሰጠቻት። ገጹ አባቷ ሊሞት አንድ ወር ሲቀረው ለቃል ተቀባይ የተናገረው ነበር።

«ስሜ ይመር አሊዬ ነው። ይህን የምናገር ማንም ሳያስገድደኝ ነው። የኮረብታው ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል ዘበኛው እኔ ነበርሁ። ጊዜው ኅዳር ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከቤቴ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዤ እሄድ ነበር። ክልክል ነው። የመጻሕፍት ኃላፊዋ ወይዘሪት ጥሩአየር ደምሴ ሁለት ጊዜ አይታ፣ ይመር ወረቀት ባለበት ቤት እሳት ትለኩሳለህ? ብላ አስወጥታኛለች። ለአለቃ ግን አልተናገረችብኝም። ያን ቀን እሷ ቆልፋ እንደ ወጣች ምድጃውን መጋረጃው ሥር ሰካሁት። መግሪብ ልሰግድ ወጣሁ። ስመለስ መስኮቱ ቀልቷል።

«ፍርድ ቤት ዳኛው ምድጃው የማን ነው አለኝ። የእሷ ነው አልሁ። ሚስቴ ታማ ተኝታለች፤ ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እኔ ከታሰርሁ ማን ያበላቸዋል ብዬ ነው። እሷ ልጅ የላትም አልሁ በልቤ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ፈረዱባት።

«ስትፈታ ቤቴ መጣች። ትሰድበኛለች ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ሐዋ በር ላይ ጭቃ ታቦካ ነበር። አየቻትና፣ ፊደል ጀመረች? አለችኝ። አልጀመረችም አልሁ። አስጀምራት አለችኝና ሄደች። ከዚያ ወዲያ ያያት የለም። ወገንም አልነበራት።

«ይህን የተናገርሁት ይቅርታ ፈልጌ አይደለም። ይቅር የምትል እሷ ነበረች። ሰው ያንብበው ብዬ ነው። ያቃጠልሁት እኔ ነኝ።»

ሐዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አዘነች፤ ከሐዘኑ በላይ ግን ተናደደች፤ የተናደደችውም አባቷን ስለምትወድ ነው። ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነበር። ከበር ጥበቃ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣትና ሀ ሁ ያስብላት ነበር። ይህን በየሄደችበት በኩራት ስታወራ ኖራለች። የማን ትእዛዝ እንደ ነበረ አሁን ገና አወቀች።

ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ የማይል ሐሳብ መጣባት። ምንም ማድረግ አያስፈልጋትም። ሠላሳ አምስት ቀን ዝም ማለት ብቻ ነው። ገጹ ያርፋል፣ አባቷም ያርፋል፣ ሶልያና ስለ ትብብሯ ታመሰግናታለች።

ወደ መውጫው ስትሄድ በቃጠሎው ክፍል በኩል አለፈች። ዝክር ቤት ውስጥ ብዙ ጎብኚ ያለው እሱ ነው፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል። ከእሳት የተረፈ አንድ የከሰለ መደርደሪያ በመስታወት ውስጥ ቆሟል፤ ከጎኑ የፍርዱ ገጽ በራ ብሎ ይታያል። ያ ገጽ በዓመት ከሦስት ሺህ ሰው በላይ ያነበዋል፤ መቼም አይለቀቅም። ተማሪዎቹ በመምህራቸው መሪነት ጮክ ብለው ያነቡ ነበር፤ «በኃላፊዋ በጥሩአየር ደምሴ ቸልተኝነት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው አንድ ሆነ። በቃላቸው ያውቁታል።

ሐዋ ተመልሳ ወደ ሶልያና ሄደች።

«የአቶ አስናቀ ወልዴ ገጽ አሥራ ስምንት ይከፈትልኝ» አለች።

አቶ አስናቀ የእድሩ አባል የነበሩ ሟች ናቸው። ሐዋ ተራዋ ደርሶ አንብባቸዋለች፤ አንዲት የቤት ሠራተኛቸው ያቀረበችባቸው ክስ ያለበትን ገጽ ዓይኗን ሰብራ አልፋዋለች። ሶልያና ከፈተችላት። ነጭ ነበር። መሐሉ ላይ «ይህ ገጽ አርፏል» የሚል ተጽፎበታል። ሐዋ የልጅቱን ስም ለማስታወስ ሞከረች። የመጀመሪያውን መስመር አይታለች፣ ስሙም እዚያ ነበር፤ ግን አልመጣላትም። ቤቷ እስክትደርስ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ፣ አልመጣላትም።

በበነጋው ጋሽ ሙሄ ቤት ሄደች። ጓሯቸው ውስጥ የኮክ ዛፍ ሲገርዙ አገኘቻቸው።

«ጋሽ ሙሄ፣ የአባቴን አርባ አንድ ዘለላችሁት» አለች ሳትቀመጥ።

ሽማግሌው መቀሱን አስቀመጡ። «ማን ነገረሽ?»

«ሊለቀቅ ነው ብለው ላኩብኝ። አንብበውታል?»

«እስከ ሁለተኛው መስመር። ዘበኛው እኔ ነበርሁ እሚለው ላይ ስደርስ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ፤ ዓይኔን ሰበርሁ። ሐዋዬ፣ ደግ ሠራን ብለን ነው።»

«እኔ አንብቤዋለሁ።»

ጋሽ ሙሄ ግንዱን ተደገፉ። ከዚያ ሳያዩዋት ተናገሩ። «ሊሞት ሰሞን አስጠርቶኝ ነበር። ሙሄ፣ አንዲት ገጽ አለችኝ፤ አንተ አንብብልኝ፣ ለሰውም አስነብብልኝ አለኝ። እሺ አልሁት። ይኸው ሰባት ዓመቴ፣ እሺ እንዳልሁ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ወዳጄ ነዋ!» አሉ ሽማግሌው፤ ጮክ ብለው ነበር። «ወዳጄን እንዴት አድርጌ በዚያ ዓይን ልየው?»

ሐዋም ስታነብ ያን ዓይን ፈርታዋለች። ግን አባቷ በመጨረሻ ያደረጋት አንድ ትክክለኛ ነገር ይህች ገጽ ነበረች፤ ይህችንም በፍቅር ሊቀብሩለት ነው። ይህን ለጋሽ ሙሄ ነገረቻቸው። ጋሽ ሙሄ «እኔ ዳኛ ሆኜ ይህን ጉዳይ አላነሳም። አንቺ ካነሳሽ ግን አልከለክልሽም» ብለው መቀሳቸውን አነሱ።

የእድሩ ጉባኤ ሰኔ ዘጠኝ ቀን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። የተራ ድልድሉ ተነበበ፤ የታመሙ ተጠየቁ። ሐዋ እጇን አወጣች።

«የአባቴ ገጽ አርባ አንድ ይነበብልኝ። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምፈልገው። የተጻፈው ደስ አይልም። አውቄ ነው የምለምናችሁ፤ እሱም ሳይሞት ለምኗል።»

ሰዉ ሁሉ ጉልበቱን ያይ ጀመር፤ ሐዋ ሶልያና የነገረቻትን አሁን በዓይኗ አየችው። ቀድመው የተነሱት እትዬ ማንጠግቦሽ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የመድኃኒት ባለሙያ ናቸው፤ ስድሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ እድሩ ውስጥ ፊት ለፊት በመናገር የሚስተካከላቸው የለም።

«ሐዋ፣ ሐዘኑ አልወጣልሽም እንጂ እንዲህ ባላልሽ» አሉ። «ይመርን የመሰለ ሰው! አምስት ልጆቼን ትምህርት ቤት በር ላይ እየተቀበለ አሳድጎልኛል። እኔ ገመናውን አላይም። የምታስገድጂኝ ከሆነ ከእድሩ እወጣለሁ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። አንዳንዶቹ ወደ ሐዋ መጥተው እቅፍ አደረጓት፤ አንዷ እንባዋን ጠረገችላት፤ ሐዋ ግን አላለቀሰችም ነበር። በቃለ ጉባኤው ላይ «ጥያቄው በፍቅር ታልፏል» ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ስለ ክረምት ጎርፍ ተነጋገሩ።

በሚቀጥሉት ቀናት ሐዋ ጣቢያው ላይ ደህና የሚመስላትን ተሳፋሪ መጠየቅ ጀመረች። ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ቢሆን ይሻላል ብላ ነበር፤ አባቷን የማያውቅ ሰው ምን ይከብደዋል? ሁሉም የራሱ እድር ተራ አለበት፤ እሱ አንድ ነገር ነው። ከዚያ የባሰው አስተያየታቸው ነበር። የራሷን አባት ገመና ይዛ የምትዞር ሴት እብድ ካልሆነች ምን ትሆናለች? ወሬው ከእሷ ቀድሞ ተራራው ላይ ወጣ። አንዳንዶቹ እሷ የምታስተናግድበትን በር ትተው በሌላኛው ይሳፈሩ ጀመር። ማምሻውን ዝክር ቤት እየደወለች ትጠይቃለች፤ ሶልያናም በዚያ ለስላሳ ድምጿ «ዜሮ» ትላታለች።

ሰኔ ሃያ አራት ቀን «አንድ» አለቻት።

ጋሽ ሙሄ ነበሩ። ጠዋት መጥተው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ አንድም መስመር ሳይስቱ አንብበው ወጡ። በማግስቱ ጣቢያው ድረስ መጥተው ከመስኮቷ ፊት ቆሙ። ዓይናቸው ደም መስሏል።

«ሁለተኛዋን ማንጠግቦሽን አድርጊያት» አሏት። «ልጅ ሆና ከዚያ ቤተ መጻሕፍት አትወጣም ነበር። እድሩ ውስጥ ጥሩአየርን በዓይኑ ያየ ከእሷ በቀር ማን ቀረ?»

ሐዋ ሦስት ቀን አመነታች። በአራተኛው ቀን ሄደች። እትዬ ማንጠግቦሽ በሩን ገርበብ አድርገው አዩዋት፤ ግቢም አላሏት፣ ሂጂም አላሏት።

«ስለ ኮረብታው ቤተ መጻሕፍት ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አለች ሐዋ።

ሴትዮዋ ይህን አልጠበቁም። ፊታቸው ትንሽ ተፈታ። «ምን ልበልሽ? እኛ ቤት አሥር ነበርን፤ የምቀመጥበት ጥግ አልነበረኝም። እዚያ ግን ወንበር ነበረኝ። ሦስተኛው መስኮት ሥር። ሰው ተቀምጦበት ካገኘች እንኳ ኃላፊዋ ታስነሳልኝ ነበር።» በሩን በትከሻቸው ከፈት አደረጉት። «ደግ ትመስል ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አንድ መጽሐፍ ግማሹን አንብቤ፣ ነገ እጨርሰዋለሁ ብዬ መሐሉ ላይ ክር አድርጌ ሄድሁ። ነገ የሚባል አልመጣም። ያቺን ሴትዮ እስከ ዛሬ እረግማታለሁ። ለልጆቼም እንዲሁ ነግሬያቸዋለሁ። ለምድጃዋ ሙቀት ብላ ስንቱን ልጅ ብርድ ላይ ጣለች!»

«ለዚህ ነው የመጣሁት» አለች ሐዋ።

«ለየቱ?»

«ገጹ ላይ አለ።»

«ንገሪኛ!»

«እኔ ብነግርዎ የእኔ ወሬ ነው የሚሆነው። ከእሱ ይስሙት።»

እትዬ ማንጠግቦሽ አፈጠጡባት። ዓይኖቻቸው ከሐዋ ፊት ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ወደ ሐዋ ፊት ተመላለሱ። «አልመጣም» አሉና በሩን ዘጉ። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሲዞር ተሰማት።

ሰኔ ሠላሳ ዝክር ቤት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። ሐዋ ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። በዚያ ቀን የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚመጣውም የመጨረሻውን ለማየት ነው። አንድ ጎልማሳ የአያቱን ደብዳቤ ሊሰናበት መጥቶ ሳይቀመጥ ቆሞ አየውና ሄደ። ሶልያና በየወንበሩ እየዞረች ሰሌዳዎቹን ታብሳለች። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ በሩ ተከፈተ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ማንንም ሳያዩ ጫማቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን ታጠቡ። የንባብ ቀናቸው አልነበረም፤ ሶልያና ግን ምንም ሳትል ወንበር ሰጠቻቸው። ዘመድ ከአንባቢው አሥር እርምጃ መራቅ አለበት፤ ሐዋ ተነስታ ግድግዳው ጋ ቆመች። ከዚያ ሆና የምታየው ጀርባቸውን ብቻ ነው።

ለጥቂት ጊዜ ጀርባው ቀጥ ብሎ ቆየ። ከዚያ ትከሻቸው ወደቀ።

ሰሌዳው በደስታም በሐዘንም በማይለወጠው ድምፁ ተናገረ። «ዓይንዎ መስመሩን ለቋል። እባክዎ ከመጀመሪያው ይጀምሩ።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ጀመሩ። ከገጹ መሐል ሲደርሱ ይመስላል፣ ድምፁ ደገመ። «ዓይንዎ መስመሩን ለቋል። እባክዎ ከመጀመሪያው ይጀምሩ።» ማሽኑ እንባ የሚባል ነገር አያውቅም፤ መስመር ብቻ ነው የሚያውቀው። ሦስተኛ ጊዜ ጀመሩ፤ ሦስተኛ ጊዜም አስቆማቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። ሐዋ ሄዳ ከጎናቸው ልትቆም ፈለገች፤ እግሯ አንድ ጊዜ ተነቃነቀ፤ ሶልያና ከሩቅ ራሷን ነቀነቀችባት። በቃ ይተዉት ልትልም ቃጣት። የገዛ አባቷን ጥፋት ሌላ ሴት ደጋግማ እንድትውጠው ማድረግ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?

እትዬ ማንጠግቦሽ ግን አልተነሱም። ወንበሩን ወደ ሰሌዳው አስጠጉ። አመልካች ጣታቸውን አንስተው የመጀመሪያው ቃል ላይ አሳረፉ፤ ዓይናቸው ጣታቸውን እንዲከተል ነው። ጮክ ብለውም ማንበብ ጀመሩ። «ስሜ ይመር አሊዬ ነው። ይህን የምናገር ማንም ሳያስገድደኝ ነው።» አንድ አንድ ቃል እያሉ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ፣ ጣታቸውን እየገፉ ወረዱ። አዳራሹ ባዶ ስለ ነበር ድምፃቸው መስታወቱን እየመታ ተመለሰ። «የእሷ ነው አልሁ» የሚለው ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ጣታቸው ግን አልቆመም። «ፊደል ጀመረች» የሚለው ላይ ቆም አሉ፤ ጣቱ ቃሉ ላይ እንዳለ ሁለት ጊዜ ተነፈሱ፤ ቀጠሉ። ሐዋ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ የአባቷን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ድምፅ ሰማችው። ያኔ አለቀሰች።

«ያቃጠልሁት እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። ጣታቸው ከገጹ ግርጌ ወረደ።

«ተነቧል» አለ ሰሌዳው።

ሶልያና የቀረውን ሰሌዳ ሁሉ አጥፍታ ነበር፤ ይህን ግን እስኪነሱ ጠበቀች። እትዬ ማንጠግቦሽ ቶሎ አልተነሱም። ከተነሱም በኋላ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ ሐዋ ፊት መጥተው ቆሙ። ሐዋ ይሰድቡኛል ብላ ቀጥ ብላ ጠበቀች።

«ሃምሳ ሦስት ዓመት ረገምኋት» አሉ። «ቤቴ ድረስ መጥተሽ፣ ወንበሬን እያወራሁልሽ፣ ከጉሮሮሽ ሳታወጪው ቻልሽ?»

«እንደምንም ነው የቻልሁት» አለች ሐዋ። «ይቅር ይበሉኝ።»

«አንቺንስ እሺ። አባትሽን ይቅር የሚል ሌላ ሰው ፈልጊ፤ እኔ አልችልም፤ አትጠብቂኝ።» ወደ በሩ ሄዱ። እጀታውን ከያዙ በኋላ ዞር አሉ። «የዛሬ ሰባት ዓመት ግን ጥሪኝ። በሕይወት ካለሁ መጥቼ አነበዋለሁ።»

«እሺ» አለች ሐዋ።